አቃቂር በአራዳ

ቡና ሊጠጡ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ‹‹ጣይቱ ሆቴል የተሠራው በ1898 ዓ.ም. ነው›› ሲል ሌላው ‹‹ተሠራ ነው ወይስ ተከፈተ?›› ብሎ ካልጠየቀው፣ አንባቢ ሆይ፣ የተቀመጡበት ቦታ ፒያሳ መሆኑን ይጠራጠሩ። ጥያቄው እንደተወረወረ ማኪያቶው ይረሳል። ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ማንም ሳይጋብዘው ‹‹ይቅርታ፤ ያን ጊዜ ጣይቱ አይባልም፣ እቴጌ ሆቴል ነው የሚባለው›› ይላል። አራተኛው ደግሞ ‹‹ያን ጊዜ›› የተባለው የትኛው ጊዜ እንደሆነ እንዲገለጽለት ይፈልጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ተነሥተው ሲሄዱ፣ ነገሩን የጀመረው ሰውዬ መጀመሪያ ምን ሊናገር እንደነበር ረስቶታል። ምናልባት እዚያ ምሳ ሊጋብዝ አስቦ ይሆናል።

ለዚህ ጠባይ አማርኛ ጥሩ ስም አለው፤ አቃቂር ይለዋል። ሰበዝ መምዘዝም ይባላል። መሶቡን ትቶ ሰበዙን፣ ንግግሩን ትቶ ቃሉን፣ ቃሉንም ትቶ ፊደሉን መያዝ ነው። የአራዳ ልጅ ሲነቅፍ ‹‹ደርቅ›› ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ራሱ የአራዳ ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ጨዋታ እርሱው ነው።

እኔም ከዚህ ጠባይ ነፃ ነኝ ብዬ አልከራከርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወዳጄ አባት በዘጠና ዓመታቸው ገደማ አርፈው ቀብራቸው ላይ ተገኝቼ ነበር። ወዳጄ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ራሱ ጽፎ ራሱ ሊያነብ ቆመ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አባቱ በልጅነታቸው ከጎንደር ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የመጡት፣ ውቤ በረሃም የሰፈሩት ‹‹ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ በ1934 ዓ.ም.›› መሆኑን አነበበ። እኔ ከጎኔ ለቆመው ሰው ብቻ የነገርኩ መስሎኝ ‹‹በ1933 ነው›› አልሁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ያውም ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። ወዳጄ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። ንባቡን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አላናገረኝም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነው። ሰው አንድ ቃል ለማረም ብሎ የሃያ ዓመት ወዳጅነት የሚያፈርሰው ለምንድነው? ጠባዩ ከየት መጣ? መልሱን ስፈልግ እግሬ የወሰደኝ ወደ ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው አራዳ ነው።

*

አራዳ ዛሬ የምናውቀው አራዳ ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የተዘረጋው ይህ ገበያ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ አዲስ ከተማ አዛውሮ መርካቶ እስኪለው ድረስ የከተማይቱ ልብ ነበር። ለአሮጌው ቦታ ጣሊያን የተወለት ፒያሳ የሚለውን ስም ነው። ገበያ ባለበት ጠብ አለ፤ ጠብ ባለበትም ዳኛ ይፈለጋል። የነጋዴውን ጉዳይ የሚያየው ነጋድራሱ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በዚህ ሥልጣን ላይ ሆነው ከተማዋን ያንቀጠቀጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በላይ አፈ ንጉሡ፣ ከሁሉ በላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ የተሰጠው ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነው።

ነገር ግን የአራዳን ሙግት ለመረዳት ከሹመኞቹ ይልቅ መንገደኛውን ማየት ይሻላል። በጥንቱ ልማድ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አንዱ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ካለ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። ቀጥሎም የሚያልፈውን ጨዋ ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ወታደር፣ ‹‹ዳኘን!›› ይሉታል። የተጠራው ሰው ጉዳይ አለብኝ ብሎ ማለፍ ያሳፍረዋል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ይከባል፤ ችሎት ተሰየመ ማለት ነው። የተካሰሱት ሰዎች ወደ ከፍተኛው ዳኛ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ አንዱ እንዳያመልጥ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ሲሆኑ በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ይህ ነው ቁራኛ የሚባለው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በፖስታ ካርድ ላይ ሳይቀር ያተሙት ሥዕል ነው። ዛሬ ‹‹የዓይን ቁራኛ›› ስንል ያ ሰንሰለት በአፋችን ውስጥ እንዳለ አናስበውም።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ዋናው ነገር ነው። ከሳሽ ይቆማል፣ ነጠላውን አስተካክሎ ዘንጉን ይጨብጣል፣ ‹‹ተጠየቅ!›› ይላል። ያኛው ‹‹ልጠየቅ!›› ብሎ ይመልሳል። ‹‹በላ ልበልሃ›› በሚባለው በዚያ የክርክር ስልት ሰውየው ክሱን በቀጥታ አይዘረግፈውም፤ በግጥም ያዋዛዋል፣ በምሳሌ ያጥረዋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተወርውሮ ሁለት እርምጃ ይመለሳል። ባላንጣውም ቆሞ የሚሰማው ለጨዋታ አይደለም። እያንዳንዷን ቃል ይለቅማል። በሬው ‹‹ቀይ›› ተብሎ ቆይቶ ኋላ ‹‹ዳማ›› ቢባል፣ ቀኑ ‹‹የሚካኤል ለት›› ተብሎ ቆይቶ ‹‹የገብርኤል ማግስት›› ቢባል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ተያዘ ማለት ነው።

ለምን ቢሉ፣ መዝገብ ስላልነበረ ነው። ጸሐፊ የለም፣ ፋይል የለም፣ ማኅተም የለም። መዝገቡ የሰው ጆሮ ነው። ዛሬ በአንድ ገጽ ወረቀት የሚቀመጠው የርስት ጉዳይ ያን ጊዜ የሚኖረው በሁለት ተሟጋቾች ምላስና በከበበው ሕዝብ ትዝታ ውስጥ ብቻ ነበር። ቃል ካልተያዘ ርስት አይያዝም። ስለዚህ አቃቂር ማውጣት የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የንብረት ጥበቃ ነበር ብል አጋነንህ የሚለኝ አይመስለኝም።

ሙግቱ ደግሞ ባዶ እጅ አይገባበትም። ውርርድ አለ። አንዱ ‹‹ይህን ብረታ ማር ልስጥ›› ይላል፤ ነገሩ ሲከር ማሩ ወደ በቅሎ፣ በቅሎው ወደ ፈረስ ከፍ ይላል። ዛሬ ጭቅጭቅ ለማለት የምንጠቀምበት ‹‹እሰጥ አገባ›› የሚለው ቃል የዚሁ የውርርድ ሙግት ቅሪት ነው፤ አንዱ ‹‹እሰጥ!›› ሲል ሌላው ‹‹አገባ!›› ይላል። ውርርዱ ሲበላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ለዳኛው ነበርና ዳኛውም ክርክሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም። ዋሱም ከጎን ይቆማል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ሰው በአንዲት ቃል ላይ ቢከራከርም ቃሏ ብትረታበት የሚከፍለው ነገር ነበረው። በነፃ የሚነቀስ አቃቂር አልነበረም።

ፍርዱ ሲሰጥም ሥርዓት አለው። በታላላቆቹ ችሎቶች ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከዝቅተኛው ሰው ነው፤ ትልቁ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ትልቁ አስቀድሞ ቢናገር ትንሹ ምን አፍ ይኖረዋል? ያልረካው ‹‹ይግባኝ›› ይላል፤ ‹‹ጉዳዬ ወደ ውስጥ ይግባልኝ›› ማለቱ ነው። እየገባ እየገባ እስከ ንጉሡ ይደርሳል። አንዲት ጭብጦ የምታወጣ ነገር ይዞ የቀናት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ‹‹አቤት! አቤት!›› የሚል ባላገር አዲስ አበባን አይገርማትም ነበር። አባቶች ‹‹በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች›› ያሉት ይህን ሰው ይዘው ነው። ሰውየው ሂሳብ የማያውቅ እንዳይመስለን። የሚከራከረው ስለ ጭብጦዋ አይደለም፤ ስለ መናቁ ነው። ‹‹በ1933 ነው›› ያልሁት እኔም ስለ ዓመቱ ብቻ ተናግሬ እንደሆነ ራሴን ብጠይቅ መልሱ አያኮራኝም። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ታሪክ የማውቀው እኔ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አንድ ነገር ላንሣ። አቴናውያን ችሎት ላይ ተቀምጦ መዋልን እንዲህ ከመውደዳቸው የተነሣ አሪስቶፋኒስ የተባለው ፀሐፌ ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ422 ዓመተ ዓለም ‹‹ተርቦች›› በሚል ኮሜዲ ቀልዶባቸዋል። የችሎት ሱስ የያዘውን ሽማግሌ ልጁ ቤት ዘግቶበት በመስኮት ሊያመልጥ ሲታገል ያሳየናል። እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው አራዳም ውስጥ አይታጣም።

*

የቃል ለቀማው ሁለተኛ ትምህርት ቤት የቅኔ ቤት ነው። ከዋሸራም ይሁን ከጎንጅ ወይም ከዋድላ የመጣው ተማሪ ሌሊቱን ሲቆጥር አድሮ ጠዋት ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቆማል። ጓደኞቹ ከበው ይሰማሉ። ቤቱ ያልመታ እንደሆነ፣ ዜማው ያነከሰ እንደሆነ፣ ሰሙ ለወርቁ የጠበበ እንደሆነ፣ እዚያው ይነቀፋል። ተነቃፊው አይቀየምም፤ ነገ ጠዋት የርሱ ተራ ነው። ስምንት ቤት መወድስ ለመድረስ የበቃው ሰው በሺህ ጊዜ ነቀፋ ያለፈ ነው። በጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሞ የሚቀኘው ሊቅና ታች ገበያው ዳር የሚሟገተው ባላገር በአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ይጠጡ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቃል ክብደት አለው፣ አንዲት ቃል ከቦታዋ ብትነቃነቅ ሁሉም ይናዳል።

ከቅኔ ቤት የወጡት ሊቃውንት ጋዜጣና መጽሐፍ ማተም ሲጀመር ነቀፋቸውን ይዘው ገቡ። የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወጣ አማርኛ በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት መቆም ጀመረ፤ የቆመ ሁሉ ደግሞ ይነቀፋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ። በድምፅ የማይለዩ ፊደሎች ይቀነሱ የሚለውና ሥርወ ቃሉ ይጠፋል የሚለው ወገን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙግት ከፍተው ተቀመጡ። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው የመንግሥቱ ጋዜጣ ‹‹አዲስ ዘመን›› ሲል በአልፋው አ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን ሲሰይሙ ግን ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› ብለው በዐይኑ ዐ ጻፉ፤ የግዕዙ ‹‹ሐዲስ›› በአማርኛ ዐይን ሆነ እንጂ አልፋ አልሆነም ባዮች ናቸውና። የደስታ መምህር አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ከዚህ ሐሳብ ዝንፍ የማይሉ ሊቅ ነበሩ። እንግዲህ በአንዲት ከተማ ውስጥ የከተማዋ ስም፣ ጋዜጣዋና መዝገበ ቃላቷ በመጀመሪያዋ ፊደል አልተስማሙም ማለት ነው። በዚህ የሚስቅ ሰው ይኖራል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ለቋንቋው ግድ አለው።

*

የመንገድ ላይ ችሎት ግን አልቆየም። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ዳኝነትን ወደ አዳራሽና ወደ መዝገብ አስገባው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ወጡ። የመጀመሪያውን ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች የቀደመውን ልማድ ሁሉ ሻረ። ሙግት የጠበቃ ሥራ ሆነ። ሸንጎው፣ ዘንጉ፣ ማሩና በቅሎው ቀሩ። ከቤተ መንግሥቱ ወዲያ ማዶ ስሙን ከችሎት የወሰደው ባሻ ወልዴ ችሎት እንኳ የሰፈር ስም ብቻ ሆኖ ቆየ፤ እርሱም በ2000ዎቹ ዓመታት በመልሶ ማልማት ፈርሷል።

ፍርዱ ወደ አዳራሽ ሲገባ ያ ሁሉ ከቦ ይሰማ የነበረ ሕዝብስ የት ሄደ? ቡና ቤት ገባ ባይ ነኝ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ዋስ ጥራ ብትሉኝ የለኝም። ነገር ግን ጊዜው ይገጥማል። ጣሊያን ትቶት የሄደው የማኪያቶ ማሽን፣ የፒያሳው ኬክ ቤት፣ ከተማ የገባው ጸሐፊና መምህር፣ ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር ተገናኙ። ተጠየቅ ባዩ ተቀመጠ፤ ዘንጉ በሲጋራ ተተካ። የጎደለው ዳኛው ብቻ ነው።

ሲመሽ ደግሞ ውቤ በረሃ አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ ከንግሥት ዘውዲቱ ባሎች አንዱ የነበሩት ናቸው። ‹‹በረሃ›› የተባለበትን ምክንያት ማስረዳት የጀመረ ሰው ሲነጋም አይነሣምና እኔ አልጀምረውም። በ1950ዎቹ ውቤ በረሃ የሌሊት አገር ነበር፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ‹‹ሌቱም አይነጋልኝ›› ያስቀመጠልን ያ ዓለም ነው። ስለ ሴቶቹና ስለ መጠጡ ብዙ ተጽፏል። ስለ ወሬው ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሚኒስትር ሲታማ፣ የሒሳብ መምህር ከአዝማሪ ጋር በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲከራከር፣ የጦር ሠራዊት መኮንን ስለ ኮሪያ ዘመቻ ሲተርክ አንድ ሌላ መኮንን የሻለቃውን ቁጥር ሲያርመው ይታደር ነበር። ብርሌና ጠርሙስ የተወራወሩበት ሌሊት የለም ማለቴ አይደለም። ግን አቃቂሩ የሚያልቀው በጠዋት ነበር፤ ያሸነፈው ሰው ሒሳብ ይከፍላል። ከጥንቱ ውርርድ የቀረችው ይህች ብቻ ነበረች። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ያ ሌሊት አበቃ።

ነገሥታት ቡና ቤትን መፍራታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ቡና ከእኛ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መካ እንደገባ እ.ኤ.አ. በ1511 የከተማይቱ ሹም ከልክሎት ነበር። የእንግሊዙ ዳግማዊ ቻርልስም እ.ኤ.አ. በ1675 መጨረሻ የለንደን ቡና ቤቶች እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ፤ ጩኸቱ በረታበትና በቀናት ውስጥ መልሶ ተወው። ሁለቱም የፈሩት ቡናውን አልነበረም።

*

አሁን የማነሣው ነገር ከዚህ ቀልድ ጋር አብሮ ሊቀመጥ የማይገባው ነው፤ ሆኖም ዘልዬው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ‹‹አብዮታዊ መድረክ›› የሚል ዓምድ ከፈተ። የከተማው ሰው ጋዜጣውን ተሻምቶ የሚገዛበት ወቅት ነበር። ጸሐፊዎቹ በብዕር ስም ይጽፋሉ። አንዱ ወገን ዲሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ ይሰጥ ይላል፤ ሌላው ለማን ነው ያለ ገደብ የሚሰጠው ብሎ ይይዘዋል። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ወይስ ሒሳዊ ድጋፍ? ደርግ ፋሽስት ነው ወይስ ሌላ ስም አለው? ሌኒን ይህን ያለው በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ገጽ ነው? ‹‹ፕሮሌታሪያት›› የሚለውን ባዕድ ቃል ‹‹ላብ አደር›› እንበለው ወይስ ‹‹ወዝ አደር››? ዛሬ ለሚያነበው ልጅ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያን ጊዜ ግን የቃል ምርጫ የወገን ምልክት ነበር፤ ከአፍህ የወጣችው ቃል ከማን ጋር እንደምትውል ትናገርብህ ነበር።

እነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በአንድ ማኅበር ውስጥ ያደጉ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ቡና ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ የከረሙ ናቸው። በክርክር ችሎታ ከነርሱ በፊትም ከነርሱም በኋላ እንደነርሱ ያለ ትውልድ አላየንም የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ከአባቶቻቸው ችሎት የወረሱት ተጠየቁን ብቻ ነው፤ ዳኛውን አልወረሱም። ሁለቱም ወገን ልጠየቅ አላለም። በዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ደግሞ ጠብመንጃ የያዘ ተሟጋች ነበር፤ ክርክሩን ሰምቶ ማን ምን እንዳለ ለየ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. ተኩሱ ከተማ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የየሰፈሩ እናት ታውቀዋለች። በ1968 በአንድ ሐረግ ላይ ብዕር የተማዘዙት፣ ሒሳዊ ድጋፍ የሰጠውም ያልሰጠውም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ከሌላው ተከትሎ ወደ መቃብር፣ ወደ እስር ቤትና ወደ ስደት ሄደ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አቃቂር ነው አልልም። ሰውን የገደለው ጥይት እንጂ ሐረግ አይደለም፤ ተኳሹም ስም አለው። ነገር ግን ክርክሩን ዛሬ ቁጭ ብሎ ላነበበው አንድ ነገር ያስደነግጣል፤ ማንም ማንንም ‹‹ይህችን እንኳ ልክ ነህ›› አላለውም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጥ የነበረው ያ ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ እንኳ በመጨረሻው አንዱን ‹‹ረትተሃል››፣ ሌላውን ‹‹ተረትተሃል›› ይል ነበር፤ የተረታውም ማሩን ሰጥቶ ቤቱ ይገባ ነበር።

*

ከዚያ ወዲያ የዝምታ ዘመን ሆነ፤ ቡና ቤት ውስጥ ሰው ጎረቤቱን እያየ ስለ እግር ኳስ ብቻ ያወራበት። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ የተጠራቀመው ሁሉ ፈነዳ። አራት ኪሎ ጆሊ ባር አካባቢ በየድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ጋዜጣና መጽሔት በሳንቲም እየተከራየ ያነብ ነበር፤ አንብቦም ዝም አይልም። አንዱ ጮክ ብሎ ርእሱን ያነባል፣ ሌላው ‹‹ይህ ጸሐፊ በባለፈው ወር የጻፈውን ረስቶታል›› ይላል። ሳላስበው የመንገድ ዳሩ ችሎት ተመልሶ የተሰየመ ይመስለኝ ነበር፤ እንደገና ድንጋይ ላይ፣ እንደገና በከበበ ሰው መሐል። የመጽሔቶቹም የደብዳቤ ገጽ እንደዚሁ ነበር። ታላቅ የታሪክ ጽሑፍ ወጥቶ የሚመጣው ደብዳቤ ‹‹በገጽ 14 ላይ ደጃዝማች የተባሉት ያን ጊዜ ገና ፊታውራሪ ነበሩ›› የሚል ነው። አዘጋጆች ይማረሩበታል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቢያንስ እስከ ገጽ 14 ድረስ ያነበበ ነው እላለሁ፤ ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ምስጋና አለ?

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ስለ ወዳጄ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ባለፈው ክረምት ስለ ሌላ ጉዳይ የነፃነቱን ዘመን ታሪክ ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ ቀን ላይ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል፣ እኔም ያን ለት የተማመንሁት በዚህ ነበር። ጣሊያን ግን ያን ቀን ከአገሩ ሁሉ አልወጣም። ጄኔራል ናዚ የመጨረሻውን ጦር ይዞ ጎንደር ላይ መሽጎ ቆየ፤ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የወዳጄ አባት ደግሞ የመጡት ከጎንደር ነው። ለርሳቸው፣ ለዚያ ልጅ፣ ጣሊያን የወጣው በ1934 ነበር። ወረቀቱ ትክክል ነበር። ተረታሁ።

ይህን ልነግረው ስልኩን ሞከርሁ፤ ቁጥሩ አይሠራም። ቤቱ ሄጄ ፊት ለፊት ልነግረው ተነሣሁ። ከጊዮርጊስ በእግሬ ወረድሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንገድ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር መሄዳቸውን ባውቅም በዓይን ማየት ሌላ ነው። ወደ ደጃች ውቤም ስጠጋ የማውቃቸው የመንገድ ምልክቶች አንድ በአንድ ጠፉብኝ። ወዳጄ ቤት ይሆናል ብዬ በገመትሁት ቦታ ላይ የቆርቆሮ አጥር ተተክሏል፤ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ተቀምጧል።

‹‹ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?›› አለኝ።

‹‹እዚህ የነበረ አንድ ቤት ፈልጌ ነው፤ ከግንቡ አጥር ቀጥሎ ያለው፣ ሰማያዊ በር የነበረው።››

ዘበኛው ዞር ብሎ ባዶውን ሜዳ አየና ‹‹የትኛው ግንብ?›› አለኝ።